በግድብ ሐይቆች ውስጥ በሰመጡ ዛፎችና ቋጥኞች አካባቢ ዓሣ ለማስገር የዘንግና የክር አመራረጥ

ይህ ጽሑፍ በግድብ ሐይቆች ላይ በመንጠቆ ዓሣ ለማስገር የሚፈልጉ ግለሰቦች፣ በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎችና ጀማሪዎች መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት እንዲያነቡት የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱም ዓሣ በብዛት በሚገኝበት፣ ነገር ግን መሣሪያ በቀላሉ በሚጠፋበት ቦታ፣ ማለትም ውኃ ባጥለቀለቃቸው ዛፎች፣ ቋጥኞችና የፈረሱ ግንቦች መካከል፣ ምን ዓይነት ዘንግና ምን ዓይነት ክር እንደሚያገለግል ማስረዳት ነው። በተፈጥሮ ሐይቅ ገላጣ ውኃ ላይ የሚያስገር ሰውም ከዚህ የሚጠቀምበት ክፍል ይኖራል፤ ሆኖም ለእርሱ ከዚህ የቀለለና የረከሰ መሣሪያ ይበቃዋል።

ዓሣው በሰመጡ ዛፎች ዘንድ የሚሰበሰብበት ምክንያት

በአገራችን የሚገኙ ሰው ሠራሽ ሐይቆች በአፈጣጠራቸው ከጣና ወይም ከዝዋይ ይለያሉ። ጣና በጥልቁ ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን ወለሉ በአብዛኛው ደለል የለበሰ ነው፤ ስለዚህ የወረደን ክር የሚይዝ ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። የግድብ ሐይቅ ግን በቅርብ ጊዜ ደረቅ መሬት የነበረ ሸለቆ ነው። በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ ጀምሮ፣ 188 ሜትር ከፍታ ባለው የተከዜ ግድብ የተፈጠረው ሐይቅ፣ በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የጊቤ 3 ሐይቅ፣ እንዲሁም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተፈጠረውና ሙሉ ሲሆን 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የንጋት ሐይቅ፣ ሁሉም በሥራቸው ገደል፣ ቋጥኝ፣ ቁጥቋጦና የዛፍ ግንድ ይዘዋል። በንጋት ሐይቅ ውኃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ሰፊ የደን ምንጣሮ የተካሄደ ቢሆንም፣ ያልተመነጠረው ዛፍ ዛሬም ከውኃው ሥር ቆሞ ይገኛል።

የሰመጠ ዛፍ ለዓሣ ቤት ነው። ከግንዱና ከቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ልም ያበቅላል፤ ቆሮሶ ይህን ይግጣል። በልሙ ውስጥ ትላትሎችና የነፍሳት እጮች ይራባሉ፤ ትናንሽ ዓሦች እነርሱን ፍለጋና ከአዳኝ ለመሸሸግ ይጠጋሉ፤ ከዚያም አምባዛና ሌሎች ሥጋ በል ዓሦች ትንንሾቹን ተከትለው ይመጣሉ። መረብ በእንዲህ ያለ ቦታ ቢዘረጋ ቅርንጫፍ ይቀድደዋል፣ ወይም ጨርሶ ይይዘውና እዚያው ይቀራል። በመሆኑም በዚህ ቦታ መንጠቆ ከመረብ ይልቅ የተሻለ መሣሪያ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ መነሣት ይኖርበታል። ብዙ ጀማሪዎች ትልቅ ዓሣ ሁልጊዜ ከወለሉ ላይ የሚገኝ ይመስላቸዋል። በጥልቅ የግድብ ሐይቅ ውስጥ፣ በተለይም ውኃው ከገባ ጥቂት ዓመታት ብቻ ከሆነው፣ ከሥር ያለው ውኃ ከላይኛው ጋር በሚገባ አይቀላቀልም፤ የሚበሰብሰው ቅጠልና ሣርም በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ስለዚህ በ60 ወይም በ80 ሜትር ጥልቀት ላይ መንጠቆ ማውረድ በአብዛኛው ድካም ብቻ ነው። ዓሣው ከላይኛው የውኃ ክፍል ውስጥ፣ በዛፉ አናትና በቅርንጫፎቹ መካከል ይገኛል። ይህ የክርን ርዝመትና የክብደትን መጠን ለመወሰን ስለሚረዳ ከግዢ በፊት መታወቅ አለበት።

ቦታውን በበጋ ማጥናት

ምንም ዓይነት ዘንግ ከመግዛት በፊት የሚደረግና ገንዘብ የማይጠይቅ ዝግጅት አለ። የግድብ ውኃ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይቀንሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ በኅዳር ከውኃ በታች የነበሩ ግንዶችና ድንጋዮች አናታቸው ይታያል። አስጋሪው በእነዚህ ወራት በዳርቻው እየተዘዋወረ ቦታዎቹን ከማይንቀሳቀስ ምልክት ጋር አያይዞ መመዝገብ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ጉቶ ከማዶ ካለው ተራራ ጫፍና ከቅርብ ካለ ትልቅ ዋርካ ጋር በአንድ መሥመር ላይ መሆኑን፣ ከሌላ አቅጣጫም ሌላ መሥመር መያዝ ነው። ሁለቱ መሥመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ውኃው በሞላ ጊዜ ጉቶው ያለበት ቦታ ነው። ስልኩ የአቅጣጫ መረጃ የሚይዝለት ሰው በዚያው መጠቀም ይችላል፤ ይሁን እንጂ የስልክ ባትሪ በሐይቅ ላይ ሲያልቅ የተራራው ምልክት እንደማያልቅ አስቦ ሁለቱንም ቢይዝ ይመረጣል።

ይህ ጥናት ለደኅንነትም ያገለግላል። ከውኃው ወለል በታች ግማሽ ሜትር ላይ የቆመ የደረቀ ግንድ የጀልባን ወለል ሊበሳ ይችላል።

የክር አመራረጥ

በሰመጠ ዛፍ መካከል የሚያስገር ሰው ገንዘቡ ውስን ከሆነ በቅድሚያ ማውጣት ያለበት ለክሩ ነው። መካከለኛ ዘንግ ጥሩ ክር ይዞ ዓሣ ያወጣል፤ ውድ ዘንግ መጥፎ ክር ይዞ ግን ዓሣውንም መንጠቆውንም ያስቀራል።

በመጀመሪያ ጠንካራ ክር ያስፈለገበትን ምክንያት መረዳት ይገባል። አብዛኛው የሚያዘው አምባዛ ወይም ቢልጫ ከጥቂት ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ በገላጣ ውኃ ቢሆን 5 ኪሎ ግራም የሚችል ክር ዓሣውን እያደከመ ሊያወጣው ይችላል። በዛፍ መካከል ግን ለማድከም ጊዜ የለም። ዓሣው መንጠቆ እንደያዘው የመጀመሪያ ሥራው ወደ ቅርንጫፉ መግባት ነው፤ ከገባም ክሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠመጠምና ነገሩ ያበቃል። አስጋሪው ዓሣውን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቅጽበቶች ውስጥ ከዛፉ መነጠል አለበት። ለዚህ ደግሞ የዓሣውን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚችል ክር ያስፈልጋል። ክሩ እንጨትና ድንጋይ ስለሚታከክ ከጥንካሬው ላይ የሚጎድለውም መታሰብ አለበት።

በገበያ ላይ የሚገኙት ክሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በአንድ ወጥ ጭረት የተሠራው ናይሎን ነው። ናይሎን ሲሳብ ይለጠጣል፤ ከመበጠሱ በፊት ከርዝመቱ ከአምስት አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሊረዝም ይችላል። ይህ ጠባይ የዓሣውን ድንገተኛ ግፊት ስለሚያበርድ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ጉዳቱ ግን 30 ሜትር ክር ወርዶ ሳለ አስጋሪው ዘንጉን ሲያነሣ ክሩ ብቻ እየተለጠጠ ዓሣው ወደ ቅርንጫፉ ለመግባት ጊዜ ማግኘቱ ነው። በተጨማሪም ናይሎን ውኃ ስለሚጠጣ ሲርስ ጥንካሬው በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከቆየም ይደርቅና ይሰባበራል። በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል በርካሽ ቢሸጥም መግዛት አይመከርም።

ሁለተኛው ከቀጫጭን ጭረቶች የተጎነጎነው ክር ነው። የተጎነጎነ ክር ፈጽሞ አይለጠጥም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ቀጥ ያለ ነው፤ በመሆኑም ዓሣው ሲነካ ወዲያው ይሰማል፣ ዘንጉ ሲነሣም ኃይሉ በሙሉ ወደ መንጠቆው ይደርሳል። ከናይሎን ጋር እኩል የሚችለው በጣም ቀጥኖ ስለሆነ ማጠንጠኛው ላይ ብዙ ርዝመት ይጠቀለላል፤ ውኃውም ብዙ አይገፋውም። ጉድለቱ ከሻካራ ነገር ጋር ሲታከክ መታየቱ ነው። ጭረቶቹ እጅግ ቀጭን በመሆናቸው የቋጥኝ ጠርዝ አንድ በአንድ ይበጥሳቸዋል፤ ወደ በሰበሰ እንጨትም ቆርጦ ይገባና ይጣበቃል። እጅንም ይቆርጣል። ዋጋውም ከናይሎን በብዙ ይበልጣል።

ሁለቱን ማጣመር የተሻለው መንገድ ነው። ማጠንጠኛው ላይ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም የሚችል የተጎነጎነ ክር ይጠቀለላል፤ ከጫፉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚሆን፣ ውፍረቱ ከ0.60 እስከ 0.80 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይሎን ይቀጠልበታል። ከዛፉና ከዓሣው ጋር የሚታገለው ይህ ወፍራም ጫፍ ነው። አምባዛም ሆነ በጫሞ፣ በአባያ፣ በባሮና በኦሞ የሚገኘው ነጭ ዓሣ በአፋቸው ውስጥ እንደ ሞረድ ሻካራ የሆኑ ጥቃቅን ጥርሶች ስላሏቸው፣ ቀጭን ክር ቀስ በቀስ ይፈገፈጋል፤ የነጭ ዓሣ የስንጥብ ክዳን ጠርዝም ስለታም ነው። (ነጭ ዓሣ የሚለው ስም በጣና አካባቢ ለሌላ፣ ከቢልጫ ወገን ለሆነ ዓሣ እንደሚያገለግል ልብ ይሏል፤ እዚህ የተጠቀሰው በደቡብና በምዕራብ የሚታወቀው ትልቁ አዳኝ ዓሣ ነው።) የተጎነጎነው ክር በማጠንጠኛው ጥርኝ ላይ እንዳይንሸራተት በቅድሚያ ጥቂት ሜትር ናይሎን ከሥር መጠቅለል ያስፈልጋል።

ሁለቱንም መግዛት ለማይችል ሰው 0.50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይሎን ብቻውን ይበቃዋል። ያለ ዘንግ በእጅ የሚያስገር ሰው ደግሞ ከ0.70 እስከ 0.90 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይሎን መምረጥ ይኖርበታል፤ የሚፈለገው ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን እጅ የሚይዘው ውፍረትም ጭምር ነው። የተጎነጎነ ክር በባዶ እጅ ይዞ ማስገር ግን ፈጽሞ አይገባም።

ክሩ በእርግጥ የሚችለውን ክብደት በጀሪካን መፈተን

በጥቅሉ ላይ የተጻፈው የኪሎ ግራም ወይም የፓውንድ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል፤ አንዳንዱ ጥቅል ደግሞ ምንም ጽሑፍ የለበትም። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ያህል መሆኑን ማወቅ ከመታለል በከፊል ያድናል። የቀረውን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል።

ለፈተናው የሚያስፈልገው 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና የአንድ ሊትር መስፈሪያ ነው። ከክሩ ሁለት ሜትር ያህል ተቆርጦ ለአንድ ሰዓት ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። አንዱ ጫፍ በጨርቅ በተጠቀለለ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ላይ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ይጠመጠምና ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በመንጠቆ ላይ በሚታሰርበት ቋጠሮ ዓይነት ከጀሪካኑ እጀታ ጋር ይታሰራል። ጀሪካኑ ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ መራቅ የለበትም። ከዚያም ክሩ እስኪበጠስ ድረስ ውኃው በሊትር እየተለካ ቀስ ብሎ ይጨመራል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ የገባው ሊትር ብዛት ላይ ለባዶው ጀሪካን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሲጨመር የክሩ አቅም ይገኛል። ፈተናው ሦስት ጊዜ ተደግሞ ዝቅተኛው ውጤት ይወሰዳል። ለአማካዩ የሚያደላ ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን ክር የሚበጠሰው በአማካዩ ሳይሆን በደካማ ቦታው ነው።

ክሩ የተበጠሰው ከቋጠሮው ላይ ከሆነ ጥፋቱ የክሩ ላይሆን ይችላል። ተራ ቋጠሮ የክርን ጥንካሬ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ናይሎንን ከመንጠቆ ጋር ለማሰር ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፎ፣ በራሱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ አዙሮ፣ ጫፉን ከዓይኑ አጠገብ በተፈጠረው ቀዳዳ መልሶ ማስገባትና መሳብ ይመከራል። ከመጥበቁ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ ማራስ ያስፈልጋል፤ በደረቁ የሚሳብ ናይሎን በፍትጊያው ሙቀት ይጎዳል። የተጎነጎነ ክር ስለሚያንሸራትት እጥፍ አድርጎ ማሰር ወይም የዙሩን ብዛት ወደ ስምንትና ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ይገባል።

የዘንግ አመራረጥ

ከጀልባ ላይ ለሚያስገር ሰው ከ1.80 እስከ 2.40 ሜትር የሆነ ዘንግ ይስማማል። ረጅም ዘንግ በጀልባ ላይ አይመችም፤ ዓሣውን ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገውን ኃይልም ያበዛዋል፤ ምክንያቱም ዘንጉ በረዘመ መጠን ዓሣው በአስጋሪው ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ይጨምራል። ከዳርቻ ሆኖ ለሚወረውር ሰው ግን ከ2.70 እስከ 3.60 ሜትር ያስፈልገዋል፤ ርቀት ለማግኘትና ክሩን በዳር ካለ ቁጥቋጦ በላይ ለማሳለፍ ይረዳዋል።

የዘንጉ አጎናበስ ከርዝመቱ ያላነሰ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ጫፉ ለስለስ ብሎ ከወገቡ በታች ግትር የሆነ ዘንግ ነው። ጫፉ የዓሣውን ንክሻ ያሳያል፤ ግትሩ ክፍል ዓሣውን ከቅርንጫፉ ያላቅቃል። እስከ እጀታው ድረስ እንደ አለንጋ የሚታጠፍ ዘንግ በገላጣ ውኃ ደስ ያሰኛል፤ በዛፍ መካከል ግን ዓሣውን ይዞ ከመቆም በቀር አይስበውም። በሱቅ ውስጥ ለመፈተን አንድ ሰው ጫፉን በጨርቅ ይዞ ገዢው ቀስ ብሎ እጀታውን እንዲያነሣ ማድረግ ይበቃል። ሻጩ ይህን የሚከለክል ከሆነ ሌላ ሱቅ መፈለግ ይሻላል።

ከፋይበር ግላስ የተሠራ ዘንግ ከበድ ይላል፤ ሆኖም ከጀልባ ጠርዝ ጋር ቢጋጭና ቢወድቅ ስለሚችል ለሥራ የሚመረጠው እርሱ ነው። ከካርቦን የተሠራው ቀላልና ስሜት የሚያስተላልፍ ቢሆንም አንድ ጊዜ የተመታበት ቦታ በኋላ ሳይታሰብ ይሰበራል። ከሁሉ በላይ ግን ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በግድብ አካባቢ የከፍተኛ ኃይል መሥመሮች ያልፋሉ፤ በክረምትም መብረቅ አለ። ከኤሌክትሪክ መሥመር ሥር ማንኛውንም ዘንግ ቀና አድርጎ መሄድ አደገኛ ሲሆን፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንጉን አስተኝቶ ከውኃው መውጣት ያስፈልጋል።

የአገር ውስጥ ቁሳቁስም ሊናቅ አይገባም። ሽመል በመባል የሚታወቀው የቆላ ቀርከሃ፣ ለምሳሌ በአሶሳ አካባቢ በብዛት የሚበቅለው፣ ከደጋው ቀርከሃ በተለየ ውስጡ በአብዛኛው ድፍን ስለሆነ ጠንካራ ዘንግ ይወጣዋል። በሚገባ የደረሰ ግንድ ተቆርጦ፣ በጥላ ሥር ለጥቂት ሳምንታት ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ከተደረገ በኋላ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት በክር አጥብቆ በማሰር መጠቀም ይቻላል። ከጫፉ እስከ እጀታው ድረስ ክር ቢለፋበት ቢሰበር እንኳ ዓሣው ይዞት አይሄድም።

የዘንጉ ቀለበቶች መፈተሽ አለባቸው። በተለይ የተጎነጎነ ክር ለስላሳ ብረትን እየሰነጠቀ ጎድጓዳ መሥመር ያወጣበታል፤ ያ መሥመር በተራው ክሩን ይቆርጠዋል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጥጥ ያሳያል፤ ጥቂት ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ሲሳብ ጭረቱ ከቀረ ያ ቀለበት መለወጥ ይኖርበታል።

ማጠንጠኛና ፍሬኑ

ማጠንጠኛው 150 ሜትር ያህል ክር የሚይዝና ፍሬኑ ሳይንገጫገጭ የሚለቅ ሊሆን ይገባል። ፍሬኑ በተለመደው አሠራር ክሩ ከሚችለው ከአራት አንድ እጅ ላይ ይስተካከላል፤ በዛፍ መካከል ግን እስከ ሦስት አንድ እጅ ከፍ ማድረግ ይቻላል። 15 ኪሎ ግራም ለሚችል ክር ይህ 5 ኪሎ ግራም መሆኑ ነው። ለማስተካከል ክሩ በቀለበቶቹ ሳያልፍ በቀጥታ ከማጠንጠኛው ወርዶ 4 ሊትር ውኃ ከያዘ ትንሽ ጀሪካን ጋር ይታሰራል፤ ማጠንጠኛው ከፍ ተደርጎ ሲያዝ ጀሪካኑ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ቆሞ ከቀረ ፍሬኑ ጠብቋል፤ ከተፈነገለ ላልቷል። ጀሪካኑ ራሱ ስለሚመዝንና ክሩ በቀለበቶቹ ሲያልፍ ፍትጊያ ስለሚጨምር 5 ኪሎ ግራሙ በዚህ ይሟላል።

የሚጠፋውን አስቀድሞ መወሰን

በሰመጠ ዛፍ ላይ የሚያስገር ሰው መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ እንደሚያዝበት አምኖ መጀመር አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ከመሣሪያው የትኛው ክፍል ይጥፋ የሚለው ይሆናል። በአብዛኛው የሚያዘው ከታች የሚንጠለጠለው ክብደት ነው። ክብደቱን ከዋናው ክር ጋር በቀጥታ ከማሰር ይልቅ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር በሆነ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቀጭን ናይሎን ማንጠልጠል ይመከራል። ክብደቱ ሲያዝ ቀጭኑ ክር ብቻ ይበጠሳል፤ መንጠቆው፣ ጫፍ ክሩና፣ ተይዞም ከሆነ ዓሣው፣ ይተርፋሉ።

ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ክብደት በውኃው ውስጥ ስለሚተው እርሳስ መጠቀም የለበትም። እርሳስ መርዝ ነው፤ ገንዘብም ያስወጣል። ከመኪና ጋራዥ የሚጣል ያገለገለ ካንዴላ፣ ዘይቱ በሚገባ ከታጠበ፣ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ድንጋይም ያገለግላል።

መንጠቆን በተመለከተ ጠንካራ ክር የሚጠቀም ሰው ሽቦው በጣም ወፍራም ያልሆነ መንጠቆ ቢመርጥ ይጠቀማል፤ ግንድ ሲይዘው ቀስ ብሎ ሲሳብ ተዘርግቶ ይወጣል፤ በኋላ በጉጠት ይታጠፋል። ይህ ግን ትልቅ ነጭ ዓሣ ባለበት ውኃ አይሠራም፤ ዓሣውም እንደ ግንዱ ይዘረጋዋልና።

መሣሪያው ተይዞ አልላቀቅ ሲል በዘንጉ መጎተት ዘንጉን ይሰብራል። ክሩን በእጅ ላይ መጠምጠምም ጣት ያስቆርጣል። ክሩ በአጭር ዱላ ላይ ጥቂት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ ዘንጉ ወደ ክሩ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ፣ ፊት ዞር ተደርጎ መሳብ አለበት፤ ድንገት የሚለቀቅ ካንዴላ ወደ ዓይን ሊመጣ ይችላል። ነፋስ ካለና ጀልባው እየተገፋ ከሆነ ክሩ ጀልባውን ከዛፍ ጋር የሚያስር ገመድ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባም ሊገለበጥ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳያመነቱ በቢላዋ መቁረጥ ያስፈልጋል። ቢላዋው ከሳጥን ውስጥ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ከተቆረጠው ክር የሚቻለውን ያህል መሰብሰብ ይገባል። ዛፍ ላይ የቀረ ክር ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ ዓሣና ለዓሣ የሚጠልቁ ወፎች ይያዙበታል፤ የሌሎች አስጋሪዎች የጀልባ ሞተርም ይጠመጠምበታል።

ደኅንነትና ፈቃድ

በቆቃም ሆነ በሌሎች በርካታ የቆላ ውኃዎች አዞና ጉማሬ ይገኛሉ። ከዳርቻ የሚያስገር ሰው በጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም፣ ወይም የያዘውን ዓሣ በገመድ አስሮ ከአጠገቡ ውኃ ውስጥ ማቆየት የለበትም፤ የሚታገል ዓሣ አዞ ይጠራል። የደረቀ ዛፍ ላይ ጀልባ ማሰር፣ በተለይ ነፋስ ባለበት ጊዜ፣ አደገኛ ነው፤ ለዓመታት ውኃ ውስጥ የቆመ ቅርንጫፍ ሳይታሰብ ይወድቃል። የሕይወት አድን ጃኬት በጀልባው ውስጥ ሳይሆን በሰውነት ላይ መሆን ይኖርበታል። ከግድቡ አካል፣ ከውኃ ማስገቢያና ከማስተንፈሻ በሮች አጠገብ ማስገር አይቻልም፤ የተከለከለው ክልል ወሰን ከግድቡ አስተዳደር ይጠየቃል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የማስገር ሥራ የሚመራበት የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ፈንጂና መርዝ ተጠቅሞ ማስገር የተከለከለ ነው፤ የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውኃ ውስጥ መበተንም፣ ምንም እንኳ በአንዳንድ ቦታ የቆየ ልማድ ቢሆን፣ በመርዝ ማስገር ነው። ለሽያጭ የሚያስገር ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሐይቁ ወደሚገኝበት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ስለ ፈቃዱ፣ ስለሚፈቀደው የመሣሪያ ዓይነትና የመንጠቆ መጠን፣ ማስገር ስለሚከለከልበት ወቅትና ቦታ መጠየቅ ይኖርበታል። የሚቀርበው ማስረጃ ከክልል ክልል ስለሚለያይ ለመመላለስ ላለመዳረግ አስቀድሞ በቃል መጠየቁ ይበጃል። ሐይቁ የሁለት ክልሎችን ወሰን የሚነካ ከሆነ በአንዱ የተሰጠ ፈቃድ በሌላው ዳርቻ ያገለግል እንደሆነ በዚያው አጋጣሚ መረጋገጥ አለበት።

በማኅበር ለመደራጀት የሚፈልጉ ዜጎች ጥያቄያቸውን ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ። አባላቱ ክር በትልቅ ጥቅል በጋራ ገዝተው ቢከፋፈሉ ዋጋው ይቀንስላቸዋል፤ ከመከፋፈሉ በፊት ግን ከጥቅሉ መጀመሪያም ከመጨረሻውም ተቆርጦ በጀሪካኑ ይፈተን።